ስንቅ ተቀባይዋ ተስፋነሽ

መቱ ውስጥ ንጹሕ ማር የፈለገ እንግዳ አድራሻ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ከመናኸሪያው ወርዶ የተስፋነሽን ሳቅ ተከትሎ መሄድ ብቻ ነው። ጎረቤቶቿ እንዲህ እያሉ ያሟት ነበር፤ እሷም ሰምታ የባሰ ትስቃለች። ከመንገዱ ዳር ባለችው ጠባብ ክፍሏ ደጃፍ ላይ ሦስት ባልዲ ማር ደርድራ፣ የሚያማትን ግራ ጉልበቷን ዘርግታ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች። ማን መቼ እንዳገባ፣ የማን ልጅ ዩኒቨርሲቲ እንደገባ፣ የትኛው ሹፌር ወደ ጎሬ ሲሄድ ዋጋ እንደሚጨምር፣ ሁሉም ወሬ እሷ ጋ ይገኛል። በገበያ ቀን ሁሩሙ ወርዳ ማር ስትገዛ ደግሞ ሌላ ሴት ትሆናለች። ስኳር የተቀላቀለበት ማር ያመጣ ገበሬ ካጋጠማት በኦሮምኛ ትሟገተዋለች፣ በአማርኛ ትምልበታለች፤ በመጨረሻ የልጆቹን ደኅንነት ጠይቃ፣ ሻይ ጋብዛው ትለያለች።

ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ልጃቸው ሰኚ ስምንት ዓመት ሲሞላት በወባ ሞተ። ተስፋነሽ ልጇን በማር ንግድ አሳደገቻት፣ አስተማረቻት፤ ሰኚም መድኃኒት ቀማሚ ሆና እዚያው መቱ ሥራ ያዘች። ያ ቀን ለተስፋነሽ ትልቅ ቀን ነበር። ነጭ ጋዋኗን የለበሰች ልጇን ለማየት ብቻ፣ ራሷን ሳያማት ሦስት ቀን ሙሉ የራስ ምታት ኪኒን ገዝታለች።

ተስፋነሽ የማታወራው ነገር አልነበረም፤ ከአንድ ዓመት ተኩል በቀር። ጨዋታው ወደ ደርግ ዘመን፣ በተለይ ወደ 1970 ዓ.ም. ሲያዘነብል «ወይኔ፣ ድስት ጥጄ መጥቻለሁ!» ብላ ትነሣለች። ምንም ድስት እንዳልጣደች ሁሉም ያውቃል። ግን ሰው ነው፣ የማያነሣው ነገር ይኖረዋል ብለው ይተዉአት ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ አንድ ወሬ መቱን አዳረሳት። ሻምበል ጥሩሰው አውሮፓ ውስጥ ተይዟል ተባለ።

ሻምበል ጥሩሰው ማለት በቀይ ሽብር ጊዜ ከላይ ተልኮ ክፍለ ሀገሩን ሁሉ የገዛ ሰው ነው። ሲፈልግ የሚያስር፣ ሲፈልግ የሚፈታ እሱ ነበር። ደርግ ሲወድቅ አገር ጥሎ ወጣ። የአገራችን ፍርድ ቤት በሌለበት ፈርዶበታል፤ እሱ ግን የሰሜኑ አውሮፓ አንዲት አገር ዜግነት ሰጥታው፣ አትክልት እየኮተኮተ፣ ልጆቹን እየዳረ ሃያ ስምንት ዓመት ኖረ። ኋላ ግን ድሮ በእሱ ትእዛዝ ታስሮ የነበረና እዚያው አገር የተሰደደ አንድ ሰው በአውቶቡስ ፌርማታ ላይ አየው፤ አወቀው፤ ከሰሰው። የዚያች አገር ሕግ የጦር ወንጀል የትም ይፈጸም የት፣ ሰውየው እሷ ዘንድ እስከተገኘ ድረስ ለፍርድ አቀርበዋለሁ የሚል ነው አሉ።

ዜናው በቴሌቪዥን ሲነገር በስልጤው ባለሱቅ በሙዘይን ቤት የነበሩ ሰዎች ተከፋፈሉ። አንዱ «እሰይ! ዘግይቶም ቢሆን!» አለ። አንዱ «እኛ የፈረድንበትን ሰው ፈረንጅ ምን አግብቶት እንደገና ይፈርዳል?» አለ። ወጣቶቹ «ማነው እሱ?» ብለው ጠየቁ። በጣም የተቆጡት የተስፋነሽ የቅርብ ጎረቤት ጋሼ ወልደ የሱስ ነበሩ። ጋሼ ወልደ የሱስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሽማግሌ ናቸው። «እኔን ከመንገድ አንሥቶ ሥራ ያስያዘኝ እሱ ነው» አሉ። «ሚስቴ በምጥ ስትያዝ በራሱ መኪና ጅማ ድረስ ያደረሳትም እሱ ነው። ሰው ያደረገልኝን አልክድም።» ተስፋነሽ ስኳር ልትገዛ ገብታ ነበር፤ ስኳሩን ሳትይዝ ወጣች።

ከወር በኋላ ሁለት ፈረንጆችና አንድ አስተርጓሚ ደጃፏ ላይ ቆሙ። ወንዱ ረጅም፣ ሴቷ አጭር፣ ሁለቱም በፀሐይ የቀሉ ነበሩ። አስተርጓሚው እጅ ነሥቶ «እትዬ፣ በ1970 ወህኒ ቤት በር ላይ ስንቅ ይቀበሉ የነበሩት ተስፋነሽ እርስዎ ነዎት?» አላት።

«ተስፋነሽ የሚባል ሰው መቱ ውስጥ ሞልቷል» አለች።

«በሕይወት የተረፉ እስረኞች ስለ እርስዎ ነግረውናል። የሁላችንንም ስም ታውቃለች፣ ደግ ልጅ ነበረች ብለዋል።»

«እንግዲያው እኔ አይደለሁም» አለች ተስፋነሽ። ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ግማሽ ኪሎ ማር ቋጥራ በግድ አሸከመቻቸው። «ንጹሕ ነው፤ ለሳል ጥሩ ነው፤ በሰላም ግቡ» ብላ ሸኘቻቸው። አስተርጓሚው የስልክ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ በርጩማው ላይ ትቶላት ሄደ።

ያን ቀን ተስፋነሽ አልሳቀችም። ሰኚ ከሥራ ስትመለስ እናቷ ባልዲዎቿን ሳትከድን ተቀምጣ አገኘቻት። ወረቀቱንም አየች።

«እማ፣ የምን ስልክ ነው?»

ተስፋነሽ ድስት ጥጃለሁ አላለችም። ልጇን አስቀምጣ ነገረቻት።

በ1969 ክረምት የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ሞቶ፣ እናቷ ታማ፣ ሥራ ስትፈልግ የአጎቷ ወዳጅ ወህኒ ቤት አስገባት። ሥራው በር ላይ ቆሞ የእስረኛ ቤተሰብ ያመጣውን ምግብ መቀበል ነው። ወጡን በማንኪያ ታማስላለች፣ ቂጣውን ትቆርሳለች፣ ወረቀት ወይም ስለት እንደሌለበት ታያለች፣ ከዚያ ወደ ግቢው ዞራ የእስረኛውን ስም ትጣራለች። እስረኛው ከውስጥ «አቤት!» ይላል፤ ባዶው ሳህን ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። ተስፋነሽ ያኔ ማንበብ አትችልም ነበር። ስለዚህ ስሞቹን ሁሉ፣ ከበሩ በስተቀኝ ካለው ክፍል ጀምራ አንዱን ከሌላው እያያያዘች፣ እንደ ጸሎት በቃሏ ያዘቻቸው። ወጥ ውስጥ የተደበቀ ደብዳቤ ስታገኝ ማንኪያውን ወደ ሌላ ጎን ታዞረው ነበር። ደግ ልጅ ነበረች ያሏት ለዚህ ነው።

ኅዳር 9 ሌሊት ከወህኒ ቤቱ ሁለት የጭነት መኪኖች ወጡ። በማግስቱ ጠዋት ተስፋነሽ በሦስተኛው ክፍል ያሉትን ዐሥራ ዘጠኝ ስሞች ጠራች፤ አቤት ያለ አልነበረም። ዘበኛው ጠጋ ብሎ «ዝም ብለሽ ምግቡን ተቀበይ፤ ደኅና ናቸው በያቸው» አላት። ገባት። ቢሆንም ፈራች። ሦስት ቀን ሙሉ የዐሥራ ዘጠኝ ሰዎች እናቶችና እህቶች ያመጡትን ስንቅ ተቀበለች። «ደኅና ነው? በላ?» ሲሏት «ደኅና ነው፣ በልቷል» አለቻቸው። የሚበሉት ግን ዘበኞቹ ነበሩ።

«በሦስተኛው ቀን ኅዳር ሚካኤል ነበር» አለቻት ለልጇ። «ኅዳር ሲታጠን፣ ከተማው ሁሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል። ሻምበሉ ከጭሱ ዓይኑን እያሸ መጣ። ይሄን ኋላ ቀር ልማድ ነው ማጥፋት ያለብን ብሎ ተቆጣ። ቁርስ አልበላሁም አለ። የተቀበልኳቸውን ሳህኖች ሲያይ አንዱን አነሣ። እጁን አስታጠብኩት። የሁሩሙዋን እናት፣ የአዴ ቀኖን ሳህን ፈትቶ በላ። የልጃቸውን፣ የኩመራን ስንቅ። የገጠር ሴት እጅ አይከፋም አለ። በመቋጠሪያው ጨርቅ እጁን ጠርጎ፣ ከነገ ጀምሮ የእነዚህን አትቀበይ፣ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል በያቸው አለኝ። አልኳቸውም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ሰኚ።

«ምን ብዬ? ለሴቶቹ ልጆቻችሁ በልተዋል እያልኩ የሞተ ሰው ምግብ ስቀበል ነበር ብዬ?»

ሰኚ ተነሥታ ባልዲዎቹን ከደነች፤ የእናቷን ጉልበት በቅባት አሸች። ልትተኛ ስትል ግን «እማ፣ እነዚያ ሰዎች የሚፈልጉት የሚካኤሉን ቀን ነው» አለቻት። ነገሩን በስልኳ ስትከታተል ከርማ ነበር። ሻምበሉ በመከላከያው ከኅዳር 8 እስከ 15 አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፣ መቱ የሆነውን አላውቅም ብሏል። በዚያ ሳምንት መቱ ውስጥ አየሁት የሚል ሰው ደግሞ እስካሁን አልተገኘም።

ተስፋነሽ ሌላ ሳምንት አሰበች። የምትፈራው ሻምበሉን አልነበረም። የምትፈራው ሁሩሙ የሚኖሩትን አዴ ቀኖን ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሁሩሙ ገበያ ስትመላለስ በቤታቸው በኩል አልፋ አታውቅም፤ ጉልበቷ እያመማት እንኳ በወንዙ በኩል ዞራ ትሄድ ነበር። ከመሰከረች አዴ ቀኖ መስማታቸው አይቀርም። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ይልቅ ሄዳ ራሷ ብትነግራቸው ይሻላል አለች።

ይህን ሐሳቧን ለጋሼ ወልደ የሱስ ስትነግራቸው ሽማግሌው ተቆጡ። «ተስፉ፣ አርባ ዓመት የዳነ ቁስል ነው፤ አትንኪው። ሰውየው ሰማንያ ሊሞላው ነው። ለተዝካሩ በቀረበ ሰው ላይ መስክረሽ ምን ታተርፊያለሽ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ያደረገልዎትን አልረሳም ብለዋል፤ ልክ ነዎት፣ አይርሱ። እኔ ደግሞ ያየሁትን አልረሳም። ሁለታችንም አልረሳንም፤ ታዲያ በምን ተጣላን?»

«ተጣልተናል!» አሉና በራቸውን ዘጉ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታም ከለከሏት።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ተስፋነሽ ሚኒባስ ተሳፍራ ሁሩሙ ወረደች። ማር አልገዛችም። በቡናው መሐል ባለችው ቀጭን መንገድ፣ ዱላዋን እየተደገፈች ሄደች። አዴ ቀኖ ደጃፋቸው ላይ ቁርበት አንጥፈው ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፅ ሲሰሙ ቀና አሉ።

«ኤኙ? ማነው?»

«ተስፋነሽ ነኝ፣ አዴ። ከመቱ። የበሩ ተስፋነሽ።»

አዴ ቀኖ ባቄላ መፈልፈሉን አቆሙ። «እንዲህ ብለሽ ስምሽን ለመናገር ብዙ ዓመት ፈጀብሽ» አሉ። «ተቀመጪ፣ ኢንታለ ኮ። ልጄ፣ ተቀመጪ።»

ተስፋነሽ አልተቀመጠችም። ቆማ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። ኅዳር 10 ጠዋት ስንቁን ስትቀበላቸው ኩመራ እንዳልነበረ፤ ደኅና ነው፣ በልቷል ያለችው ውሸት እንደነበረ፤ ሦስት ቀን ሙሉ እንደዋሸች። ከዚያ ተቀመጠች።

«አውቄው ነበር» አሉ አዴ ቀኖ።

«ምኑን?»

«ኩመራ ቂጣ ሲበላ ጠርዙን ያስቀር ነበር፤ ለታናሽ እህቱ። ከልጅነቱ ጀምሮ ልማዱ ነው። ታስሮም ሳህኑ ሲመለስ ሁልጊዜ ጠርዟ አለች። በዚያ ቀን ሳህኑ ባዶውን መጣ። ፍርፋሪ እንኳ አልነበረበትም። አንቺ በልቷል ስትዪኝ፣ ይህን የበላው ልጄ አይደለም አልኩ በልቤ።»

«ታዲያ እያወቁ ለምን ሁለት ቀን ደግመው አመጡ?»

አሮጊቷ ባቄላውን በጣታቸው አገላበጡ። «ማምጣት ያቆምኩ ዕለት እኔ የገደልኩት ይመስለኛል ብዬ ነው» አሉ። «ደግሞም የአንቺን ፊት አይቼ ነበር። ሕፃን ነበርሽ። ውሸታም ብልሽ እዚያው የምትወድቂ ትመስዪ ነበር። ሌሎቹ እናቶችም ከኋላዬ ተሰልፈዋል። ምን ላድርግ?»

ተስፋነሽ አለቀሰች። የምታለቅሰውም እንደምትስቀው ነው፤ ጎረቤት ይሰማል። ሲወጣላት የቀረውን ተናገረች፦ ሻምበሉ መምጣቱን፣ የእሳቸውን ሳህን መርጦ መብላቱን።

«የኔን?»

«የእርስዎን።»

«በልቶ ምን አለ?»

«የገጠር ሴት እጅ አይከፋም አለ።»

አዴ ቀኖ ጥቂት አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያን ቀን ጨው አጥቼ ያለ ጨው ነው የሠራሁት። ጎመኑ ራሱ ጥሬ ነበር። ሰውየው ምላስም አልነበረው ማለት ነው!»

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ተስፋነሽ ልትሳቅ ፈራች፤ ግን መያዝ አልቻለችም። ሁለቱም እንባቸው ሳይደርቅ እስኪያማቸው ድረስ ሳቁ። የአዴ ቀኖ ምራት ከጓሮ ሮጣ መጥታ፣ ያበዱ መስሏት በሩ ላይ ቆመች።

ተስፋነሽ ልትሄድ ስትነሣ አዴ ቀኖ እጇን ያዙ። «ሄደሽ ተናገሪ። ስሙን ስትጠሪ ደግሞ ቀስ ብለሽ ጥሪ፤ ፈረንጆቹ እንዳያበላሹት። ኩመራ አራርሳ። አባቱን እንዳትረሺ።»

አስተርጓሚው ስልኩ ሲደወል አዲስ አበባ ነበር። ተስፋነሽ «ያቺ አይደለሁም ያልኳችሁ ሴትዮ ነኝ» አለችው።

ወደ አገራቸው በአውሮፕላን እንውሰድዎት ቢሏት እምቢ አለች፤ እኔ ከጅማ ወዲያ ሆዴ አይችልም ብላ። ስለዚህ ምስክርነቷን እዚያው መቱ በአንድ መሥሪያ ቤት የስብሰባ አዳራሽ፣ በቪዲዮ እንድትሰጥ ተፈቀደ። ቀኑ በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ዋለ። ሰኚ ፀጉሯን ሠርታላት፣ ጥልፍ ቀሚሷን አልብሳ አመጣቻት። በትልቁ ስክሪን ላይ ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል፤ የመሐለኛዋ ፀጉሯ ሸብቶ አጭር የተቆረጠ ሴት ናት። ከጎን በኩል ግራጫ ሹራብ የለበሰ፣ በጆሮው መስሚያ ያደረገ ሽማግሌ ይታያል። ተስፋነሽ ሻምበሉ መሆኑን ወዲያው አላወቀችም።

«ይሰማችኋል?» ብላ ስትጮህ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሰማት። ዳኛዋ ጮክ ማለት አያስፈልግም አለቻት፤ አስተርጓሚው እዚያ ሆኖ ተረጎመው። እውነቱን እንድትናገር ቃል እንድትገባ ሲጠይቋት «በሰኚ እምላለሁ» አለች። ሰኚ ማናት ተባለ። «ልጄ ናት፣ ይቺውና» ብላ ልጇን ጎትታ ለዳኞቹ አሳየቻቸው። ሰኚ አፈረች።

ምስክርነቷን ጀመረች። ኅዳር 9 ሌሊት ላይ ስትደርስ መብራት ጠፋ። ስክሪኑ ጨለመ። አዳራሹ ውስጥ ሰው ተተረማመሰ፤ ጄኔሬተሩ የት እንዳለ እንጂ እንዴት እንደሚነሣ የሚያውቅ አልነበረም፤ የጄኔሬተሩ ቤት ቁልፍም ጠፋ። በዚህ መሐል ጋሼ ወልደ የሱስ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ከአጥሩ ውጭ ቆመው እንደነበር ታወቀ። ያ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት የሠሩበት ነው። ገብተው ቁልፉ ከመጋዘኑ መስኮት ጀርባ ተንጠልጥሎ እንደሚገኝ ለጽዳት ሠራተኛዋ አሳዩ፤ ጃኬታቸውን አውልቀው ጄኔሬተሩን በሦስተኛው ሙከራ አስነሡት። እጃቸውን በናፍጣ አጥቁረው ወደ አዳራሹ ብቅ ሲሉ ተስፋነሽ አየቻቸው።

«ለመብራቱ ነው የመጣሁት» አሉ፤ ግን አልሄዱም። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ስክሪኑ ተመልሶ ሲበራ ተስፋነሽ የቀረውን ሁሉ ተናግራ ጨረሰች፤ የሻምበሉ ጠበቃ ተራ ደረሰ። ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነበር። «እመቤት፣ አርባ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አሁን ስድሳ አራት ዓመትዎ ነው። ስሞቹን በትክክል አስታውሳለሁ ቢሉ ማን ያምናል?»

«ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር፣ ጌታዬ» አለች ተስፋነሽ። «ወረቀት ላይ የጻፈ ሰው ወረቀቱን አምኖ ይረሳል። እኔ የማምነው ወረቀት አልነበረኝም። በ72 መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ነው መርሳት የጀመርኩት።»

ዳኛዋ ትርጉሙን ስትሰማ ፈገግ አለች። ከዚያ ስሞቹን እንድትናገር ጠየቀቻት። ተስፋነሽ ዓይኗን ጨፈነች። ከሦስተኛው ክፍል በር ጀምራ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ዐሥራ ዘጠኙን ስም ከነአባታቸው ጠራች። አንዱንም አልዘለለችም፣ አንዱንም አልደገመችም። ኩመራ አራርሳ ላይ ስትደርስ ዘገየች። አንድ ጸሐፊ እዚያ ማዶ ከተጻፈ ዝርዝር ጋር እያስተያየ በእርሳስ ምልክት ሲያደርግ ይታይ ነበር።

ጠበቃው የስንቁን ነገር መዝዞ አወጣ። «እርስዎ ራስዎ ለእናቶቹ ሲዋሹ እንደነበር አምነዋል?»

ሰኚ ጣቶቿን ቆላለፈች።

«አዎ፣ ዋሽቻለሁ» አለች ተስፋነሽ። «ለኩመራ እናት ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ። ለእናንተም ነገርኩ። እኔ ስንቅ ተቀባይ ነበርኩ፤ እሱ ገዢ ነበር። እኔ የእኔን ከተናገርኩ፣ እሱም የእሱን ይናገር።»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። በአማርኛ፣ በደከመ ድምፅ «ይህችን ሴት አላውቃትም» አለ።

«ልክ ነው» አለች፤ «እጅ የምታስታጥብ ልጅ ፊት ማን ያያል? እኔ ግን በዚያ ጭስ ውስጥ ዓይኑን እያሸ ሲቆጣ አይቼዋለሁ። ኅዳር የሚታጠነው በዓመት አንድ ቀን ነው። በሌላ ቀን ነው ልበል ብል እንኳ አልችልም።»

የኅዳር ሚካኤል ነገር ለዳኞቹ አዲስ ስለሆነባቸው አስተርጓሚው ብዙ ደቂቃ ሲያስረዳ ቆየ። ዳኛዋ ደጋግማ ጠየቀች፣ ጻፈች። ከዚያ ተስፋነሽን አመስግና አሰናበተቻት።

ሲወጡ ጋሼ ወልደ የሱስ ቦርሳዋን ተቀብለው ያዙላት። ግማሽ መንገድ ሲደርሱ ቆሙ። «ተስፉ፣ ሚስቴን ጅማ ያደረሰውና አንቺ የመሰከርሽበት ሰው አንድ ሰው ነው?» አሉ።

«አንድ ሰው ነው፣ ጋሼ።»

«ከባድ ነው።»

«አዎ፣ ከባድ ነው።»

በራፋቸው ሲደርሱ ቦርሳዋን መለሱላትና «ነገ ሻይ አብረን እንጠጣ፤ ስኳሩን እኔ አመጣለሁ» ብለው ገቡ።

ፍርዱ የተሰጠው ጥር ላይ ነው። ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ፍርድ ቤቱ ሻምበሉ በዚያ ሳምንት መቱ እንደነበረ ካመነባቸው ምክንያቶች አንዱ የአንዲት ስንቅ ተቀባይ ቃል መሆኑን ዜናው ጠቀሰ፤ ስሟን ግን አልተናገረም። ሙዘይን ሱቅ ውስጥ ግን ስሟን የማያውቅ አልነበረም። አጨብጭበው የተቀበሏት ነበሩ። «ለሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ዕድሜ ልክ ማለት ስንት ወር ነው?» ያሉም ነበሩ። ከአራት ዓመት በፊት በነበረው ሁከት ወንድሙን ያጣ አንድ ወጣት ደግሞ «የእኛስ? የእኛን ማን ያየዋል፣ እሱም አርባ ዓመት ይጠብቃል?» ብሎ ጠየቀ። ተስፋነሽ ጠጋ ብላ «ስሙ ማነው?» አለችው። ነገራት። እሷም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሁለት ጊዜ ደገመችው።

ለአዴ ቀኖ ፍርዱን ልትነግራቸው ሁሩሙ ስትሄድ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «የት እንደቀበሯቸው ተናገረ?»

«ጠይቀውት ነበር፣ አዴ። ዝም አለ።»

አዴ ቀኖ ወደ ባቄላቸው ተመለሱ። ተስፋነሽም ተቀምጣ መፈልፈል ጀመረች። እስኪመሽ አብራቸው ፈለፈለች።

ከዚያ ወዲያ ሁሩሙ ስትወርድ በወንዙ በኩል መዞሯን ተወች። ሰኚ አንድ ቀን አብራት ሄዳ የአዴ ቀኖን ዓይን አየችና ይህማ በቀዶ ጥገና የሚነሣ ሞራ ነው አለች። አሮጊቷ ቢላ ዓይኔን አይነካም ብለው ለሁለት ወር ተሟገቱ። በመጨረሻ ተስፋነሽ በምትሟገትበት በዚያ የማር ገበያ ድምፅ ስትጮህባቸው እሺ አሉ። ከሆስፒታሉ ወጥተው ተስፋነሽ ቤት ተኙ። ፋሻው የተነሣላቸው ጠዋት አዴ ቀኖ ብዙ ጊዜ ዓይናቸውን አርገበገቡ፤ ግድግዳውን፣ ባልዲዎቹን፣ ሰኚን አዩ። ከዚያ ወደ ተስፋነሽ ዞረው፣ ከላይ እስከ ታች ተመለከቷት።

«እንዲህ ወፍረሻል እንዴ?» አሉ።

ጋሼ ወልደ የሱስ በግድግዳው በኩል የሁለቱን ሳቅ ሲሰሙ ሻዩ ደርሷል ብለው ስኳራቸውን ይዘው መጡ። አዴ ቀኖ አንድ ሳምንት ብቻ እቆያለሁ ያሉት ሦስት ሳምንት ቆዩ፤ ቡናው የሚለቀምበት ጊዜ ስለደረሰ ምራታቸው መጥታ ወሰደቻቸው። ተስፋነሽ መናኸሪያው ድረስ ሸኘቻቸው፤ ከሹፌሩ ጋርም በዋጋው ላይ ተጣላችላቸው።